በዘይት የሚጎትት ዊንች

የወንድሜ የኬቲል መኪና ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ግራጫው ወንዝ ውስጥ ከረመ።

በጥቅምት ከመንደሩ የነፍስ አድን ፈቃደኞች በሁለት መኪና ወጥተው ሊያወጡት ሞክረው ነበር። ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትተው የኤሌክትሪክ ዊንቻቸው ሩብ ሰዓት ያህል ጎተተና ጋለ። አቀዝቅዘው ደግመው ሲያስነሱት ጨርሶ ተቃጠለ። መኪናው በዚያን ጊዜ እስከ መስኮቱ አሸዋ ውስጥ ነበር። ወንዙ የቆመ ነገር ሲያገኝ ከሥሩ አሸዋውን እየጠረገ ይወስድበታል፤ ነገርየውም እየቆየ ይሰምጣል። የፈቃደኞቹ አለቃ ለወንድሜ ሚስት ለኦድኒ ደውሎ፣ ሰውየው ከተገኘ ብረቱ ይቅር አላት። እሷም ይቅር አለች።

ኬቲል ተገኝቶ ነበር። መንጋ የሚያወርዱት ፈረሰኞች በመስከረም፣ ወንዙ ውስጥ በገባ ማግስት ጠዋት፣ ከመሻገሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ደለል ላይ ተኝቶ አገኙት። ቀበርነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ በመንደሩ አዳራሽ በጢስ የደረቀ የበግ ሥጋ በስስ ቂጣ ላይ ተደርጎ ቀረበና እኔ ዘጠኝ በላሁ። ዘጠኝ መሆኑን የማውቀው አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ቆጥራ ስለነገረችኝ ነው። ለክፋት አልነበረም፤ መብላቴ ደስ ብሏት ነው።

እኔ ግን ብረቱ እንዲቀር አልፈለግሁም። መኪናው ውስጥ ከአውራ ጣት የማይበልጥ አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ማየት ነበረብኝ።

በቤታችን በጉ የኬቲል፣ ብረቱ የእኔ ነበር። ሲወልድ እሱ ያዋልዳል፣ ሲሰበር እኔ እበይዳለሁ። መንጋ ሊወርድ ሁለት ቀን ሲቀረው በመኪናው አፍንጫ ላይ የኤሌክትሪክ ዊንች የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ከሬይካቪክ ያዘዝኩት ትክክለኛው ፊውዝ አልደረሰም ነበር። መደርደሪያዬ ላይ ያገኘሁትን፣ የሚፈለገውን ግማሽ እንኳ የማይችል ደካማ ፊውዝ አስገባሁ። ዊንቹን ባዶውን ለማዞር ይበቃል፤ የተያዘ መኪና ለመጎተት አይበቃም። ይህንኑ ለኬቲል ነገርኩት። ትክክለኛው እስኪመጣ በዚህ እንዳትጎትት፣ ይቃጠላል አልኩት። በዊንቹ ገመድ ጫፍ ያለውን መንጠቆ በመንገድ ላይ እንዳይንኳኳ በጥቁር ናስትሮ ጠቅልዬው ነበር። እሱን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣

«በግ ነው የማወርደው፤ ማንን ልጎትትበት?» አለኝ።

ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አስብ ነበር። ወንዙ ውስጥ ተይዞ፣ ገመዱን አውጥቶ፣ ማብሪያውን ተጭኖ፣ ፊውዙ ተቃጥሎበት ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ደግሞ አይደለሁም። ነገሩ ለእኔ እንዲህ ቀላል ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ያሰብኩት ብዙ የለም።

ስለዚያ ቀን የምናውቀው ይህን ነው። በመስከረም መንጋው ከተራራ ሲወርድ ስንቅ የሚጭነው መኪና ቀድሞ ይወጣል፤ በዚያ ዓመት ተራው የኬቲል ነበር። ስንቅ ጫኙ ፈረሰኞቹ የሚያድሩበት ላይኛው ጎጆ ደርሶ ምድጃውን ያነድና የበጉን ሥጋ ጥዶ ይጠብቃል። ፈረሰኛ ቀዝቃዛ ምድጃ ላይ አይደርስም። በእኛ አገር ሰው የሚታማበት ብዙ ነገር አለ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት አንድ ሰው ምድጃ አስቀዝቅዞ ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ እስከ ዛሬ «እነ ቀዝቃዜ» ይባላሉ። ሌላም ደንብ አለ። መኪና ብቻውን ወንዝ አይሻገርም፤ ሁለተኛ መኪና ወይም ፈረስ እስኪመጣ ይጠብቃል። ያን ቀን ሁለተኛው መኪና ጎማ ፈንድቶበት ወደ ኋላ ቀረ። አየሩ ተበላሸና ፈረሰኞቹ ሁለት ሰዓት ቀድመው እንደሚገቡ ለኬቲል በሬዲዮ ተነገረው። ሁለቱ ደንቦች ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም የደነገገ ሰው የለም። ግን ማናችንም ብንሆን ምድጃውን ነበር የምናስቀድመው። ኬቲል ብቻውን ገባ።

በኅዳር መሥራት ጀመርኩ።

የኤሌክትሪክ ዊንች ጉልበቱን ከባትሪ ነው የሚወስደው። ለአጭር ጉተታ ደህና ነው፣ ሲረዝም ይግላል። ለተቀበረ መኪና የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ሳይቸኩል የሚጎትት ነገር ነው። በዘይት የሚሠራው እንዲያ ነው፤ የመኪናው ሞተር እስከዞረ ድረስ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ዊንቹን ያዞራል። የሚሸጥም አለ። ግን ገዝቼ መግጠም አልፈለግሁም። እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ይሆናል።

ፓምፑን ከአንድ የወደቀ የጭነት መኪና ፈታሁት፤ መሪ የሚያቀልለው ፓምፕ ነው። በጂፔ ሞተር ጎን ላሜራ በይጄ አስቀመጥኩትና ረዘም ያለ ቺንጋ አለበስኩት። ጉልበት የሚያበዛውን ማርሽ ከአሮጌው ፍግ መበተኛችን አወጣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲታጠብ ሽታው አልለቀቀውም። ማዘዣውን፣ ማለትም ዘይቱን ወደ መጎተቻው ወይም ወደ መልቀቂያው የሚመራውን ዘንግ፣ ከትራክተር አካፋ ላይ ወሰድኩ። የጎደለኝ በዘይት የሚዞረው ሞተር ራሱ ነበር።

ለእሱ ወደብ ወረድኩ። እዚያ ሄርጊልስ የሚባል ሽማግሌ ዕድሜያቸው ያለቀ ትንንሽ ጀልባዎችን ይበትናል። አንዱ ጀልባ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ከባሕር የሚስብ መሣሪያ አየሁ፤ ሞተሩም ገመድ የሚጠቀለልበት ከበሮውም ደህና ነበር። እሱን እፈልጋለሁ አልኩት።

«ተራራ ላይ ዓሣ ልታጠምድ ነው እንዴ ዘመዴ?» አለኝ ሄርጊልስ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ እነዚህ በግ ጠባቂዎች ባሕሩን ጨርሰው ሊወስዱብን ነው አለው። ጓደኛው ሳቀ።

ለኬቲል መኪና ነው አልኩት።

ሄርጊልስ ትምባሆውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። መፍቻውን ከእጄ ወስዶ ብሎኖቹን ራሱ ፈታ። አንደኛው ዝጎ አልወጣ ሲለው በመዶሻ እየመታ ረጅም ጊዜ ታገለ። ዋጋውን ስጠይቀው በመጸው አንድ የበግ ጭንቅላት አጭሰህ ታመጣልኛለህ አለ። ስንሰናበት የተናገረው ስለ ማሽኑ ብቻ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ገመድ ሲስብ አንድ ቀን አልጋለም። ዘይት ብቻ አታሳጣው።»

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በዚያ ነገር ላይ ዋልኩ። የፊቱን ፓራውልት ቆርጬ ጣልኩና ከድርቆሽ ጋሪ በተገኘ ወፍራም ብረት ተካሁት። ከበሮውን በላዩ አስቀመጥኩ፣ ኩሽኔታ አስገባሁለት፣ ማርሹን ከሞተሩ ጋር አጋጠምኩ። አንድ ቀን እራት ላይ ሹካ ስይዝ ጣቴ እንደ ውኃ ከረጢት ተነፍቶ አየሁ። ብየዳ አቃጥሎታል። መቼ እንደተቃጠለ አላውቅም። እንግዲህ ይህ ሆኗል ብዬ ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። ከጎተራው ጀርባ ያለውን ትልቅ ድንጋይ አሰርኩና ዘንጉን ገፋሁ። ከበሮው ትንሽ ዞረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ፓምፑ ጮኸ። የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍቼ ሳይ ዘይቱ እንደታለበ ወተት አረፋ ሆኗል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የሚመለሰው ዘይት ከላይ እየፈሰሰ ከአየር ጋር ይመታል፤ አየር ደግሞ አይጎትትም። መመለሻ ቱቦውን አስረዝሜ ከዘይቱ በታች አስገባሁት። በሁለተኛው ሙከራ ድንጋዩ ከተቀመጠበት ተነሣ። አያቴ ሊነቅለው ሞክሮ ያልቻለው ድንጋይ ነው። በደቂቃ አንድ ሜትር ያህል እየተጎተተ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ድንጋዩ ጂፑ አጠገብ ሲደርስ ዘንጉን መለስኩ፤ ድንጋዩም ቆመ።

ኦድኒ ያን ቀን በጎተራው በር ቆማ ታይ ነበር። ከቀብሩ በኋላ በጎቹን ብቻዋን ይዛለች፤ እኔ ጠዋትና ማታ አግዛታለሁ። ብዙ አንነጋገርም። ሥራ ካለ ይነገራል፣ ከሌለ ዝም ነው። ቀረብ አለችና ከኤሌክትሪኩ በምን ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ።

«ቀርፋፋ ነው» አልኳት።

«እንዳንተ።»

ዘንጉን እንዴት እንደሚይዙት አሳየኋት። ወደ ፊት ሲገፉት ይጎትታል፣ ወደ ኋላ ይለቃል፣ ሲተዉት ራሱ ወደ መሐል ተመልሶ ያቆማል። ሦስት ጊዜ ያህል ሞከረችው። ከእኔ የበለጠ ለስላሳ እጅ አላት፤ በግ የሚያዋልድ ሰው እጅ ነው። ከዚያ ዘንጉን ለቀቀችና፣

«እዚያ መኪና ውስጥ ምን ቀረብህ?» አለችኝ።

ብረት ነው፣ የሚጠቅም ዕቃ አለው አልኳት። ብረት ከሆነ ይሁን አለችና በጎቿን ልታበላ ሄደች።

ሚያዝያ አጋማሽ ወንዙ ከዓመቱ ሁሉ የሚያንስበት ጊዜ ነው። ላይ ያለው የበረዶ ግግር ገና መቅለጥ አልጀመረም፤ በጎቹም ሊወልዱ ሁለት ሳምንት ይቀራቸዋል። ከዚያ ወዲያ ጊዜ የለም። ባርዱር ልሄድ መሆኔን ከሄርጊልስ ሰምቶ ኖሮ፣ ትራክተሩን በተጎታች ጭኖ ሳልጠይቀው ጠዋት ደጃችን ላይ ተገኘ። ባርዱር ሰባ አራት ዓመቱ ነው። መንጋ ማውረዱን የሚመራው እሱ ነው፤ ፈረሰኞቹ የተራራው ንጉሥ ይሉታል። ዘውዱ ግን ጆሮ መሸፈኛው የተቀደደ ቆብ ብቻ ነው።

«ኡልፋር፣ ማሽንህን ከኋላ የሚይዘው ምንድን ነው? ዛፍ?» አለኝ።

በዚያ ተራራ ላይ ከጉልበት የሚበልጥ ዛፍ የለም። ጎማ ቀብሬ ጂፑን በእሱ ላስር ነበር አልኩት። ጎማህን ቅበር፣ ትራክተሬም ይኑር አለ። ኦድኒ ቴርሞስ ቡና፣ የደረቀ ዓሣ፣ ቅቤና ጥቁር ዳቦ ይዛ ጂፑ ውስጥ ገባች። ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

መንገዱ በረዶ ነበር። እንዳይሰምጡ የጎማዎቹን አየር ቀንሰን ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። ስንደርስ ወንዙ በዳርና ዳር በረዶ ይዞ፣ መሐሉ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይፈሳል። የኬቲል መኪና ከዳር አርባ ሜትር ያህል ርቆ ጣሪያውና የመስኮቶቹ ጫፍ ብቻ ይታያል። አፍንጫው ወደ ማዶ፣ ኋላው ወደ እኛ ነው። እኛ ከኋላው ነበር የምንጎትተው። ስለዚህ ዊንቹ፣ የፊውዙም ሳጥን፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጡት። ይህን አስቀድሜ አውቄዋለሁ።

እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሼ ገባሁ። ከመኪናው ኋላ ያለውን ማሰሪያ ለማግኘት ሁለት ሰዓት ያህል ቆፈርኩ። አካፋ ባነሣሁ ቁጥር ወንዙ ግማሹን ይመልሰዋል። ማሰሪያውን ሳገኘው ገመዱን አጠፍኩና በመዘውር አዙሬ አሰርኩ፤ ጉልበቱ እጥፍ እንዲሆን ነው። ወጣሁና ለኦድኒ ምልክት ሰጠኋት። ዘንጉን ገፋች።

ገመዱ ከውኃው ተነሥቶ ተወጠረ። ጂፑ ወደ ፊት ሸርተት አለና ከትራክተሩ ጋር ያሰረው ሰንሰለት ያዘው። ከዚያ ምንም አልሆነም። ፓምፑ በቀጭኑ ያፏጫል፤ ዘይቱ መሄጃ ሲያጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ኦድኒ ለቀቀች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ገፋች። አሸዋ በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ውኃ ከሥሩ እስኪገባ ይጠብቃል። አርባ ደቂቃ እንዲህ ቆየን። ባርዱር ቆቡን አስተካክሎ፣

«ኬቲልም እንዲሁ ነበር፤ አንድ ቦታ ከተቀመጠ የሚያስነሣው የለም» አለ።

ኦድኒ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነበር፤ ዘንጉ ላይ ያለው እጇ አልተነቃነቀም። ወዲያው የመኪናው ጣሪያ ሲንቀሳቀስ አየን።

ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ መጣ። መዘውሩን አውጥቼ በቀጥታ አሰርኩት፤ በደቂቃ አንድ ሜትር፣ አንዳንዴ ግማሽ። ቀትር ሲያልፍ የዘይቱ ማጠራቀሚያ እጅ የማያስነካ ሆነ። ባርዱር ከትራክተሩ የድንች ጆንያ አወጣና በረዶ ሞልቶ በማጠራቀሚያው ላይ አለበሰው። በረዶው ሲቀልጥ ይደፋና እንደገና ይሞላል። አራተኛውን ይሁን አምስተኛውን ሲያለብስ፣ ወደ እኔ ሳይዞር መናገር ጀመረ። ያን ቀን በሬዲዮ የጠራው እሱ እንደነበር ነገረኝ። አውቃለሁ አልኩት።

«ሁለት ሰዓት ቀድመን እንገባለን አልኩት» አለ። «ስለ ምድጃው ያልኩት ነገር የለም። ደግሞስ መች ይነገራል?»

ማጠራቀሚያውን በእጄ ነካሁ። ዘይቱ ቀዝቅዟል አልኩት። አዎ፣ ቀዝቅዟል አለ። ያን ማታ ጎጆው ደርሰው ምድጃውን ያነደደው ባርዱር ራሱ እንደሆነ ከሌሎች ሰምቼ ነበር፤ ሰው ሊያግዘው ሲል አባሯል።

የመኪናው ኋላ ከውኃው ወጣ። የኋላ በሩን በብረት ፈልቅቀን ስንከፍተው ጭቃው ወረደ። ትልቁ የሾርባ ድስት ክዳኑ በሽቦ እንደታሰረ በስንቁ መሐል ነበር። ባርዱር ድስቱን አውጥቶ ተሸክሞ ወደ ዳር ወሰደው። ከፈተው፣ የነበረበትን ደፋ፣ በወንዙ ውኃ ደጋግሞ አጠበው። ከዚያ እንዲደርቅ ድንጋይ ላይ ደፍቶ አስቀመጠው። ጊዜውን ወስዶ ነው ያደረገው። ኦድኒ እስኪጨርስ ዘንጉን ሳትነካ ጠበቀችው።

አፍንጫው ከውኃ ሲወጣ ከዳር ሃያ ሜትር ያህል ይቀር ነበር። ኦድኒ እንድታቆም እጄን አነሣሁና ወደ ፊቱ ዞርኩ። ውኃው እዚያ እስከ ጭኔ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት መንጠቆውን ነው። ናስትሮው እንዳለ ነበር። ሁለት ዙር ጠቅልዬ ለመፍታት እንዲቀል ጫፉን አጥፌው ነበር፤ ያጠፍኩት ጫፍ ሳይቀር እንዳለ ነው። ገመዱ በከበሮው ላይ እኔ እንደጠቀለልኩት ተደርድሯል። የነካው ሰው የለም።

ቢሆንም ኮፈኑን ከፈትኩ። መክፈቻው ዝጎ ስለነበር በብረት ነው የገነጠልኩት። ከባትሪው አጠገብ ያለውን ሳጥን አራት ብሎን ፈታሁ። ውስጡ ጠብታ ውኃ አልገባበትም፤ ውኃ የሚከላከለውን ጎሚኒ በደንብ አድርጌው ነበር። ፊውዙ ደህና ነው። በመስታወቱ ውስጥ ቀጭኗ ብረት ቀጥ ብላ ትታያለች። ለረጅም ጊዜ ያየሁት ይመስለኛል። ሰባት ወር የጠበቅሁት መልስ ይኸው ነበር፤ አልተቃጠለም። ግን ዓይኔ ከፊውዙ ወደ ናስትሮው ሄደ፣ ከናስትሮው ወደ ፊውዙ ተመለሰ።

ኦድኒ ዘንጉን ለባርዱር ትታ በውኃው ውስጥ ወደ እኔ መጣች። ከኋላዬ ቆመች።

«ተቃጥሏል?» አለች።

«አልተቃጠለም» አልኳት። የጠየቀችኝ ምን እንደሆነ የገባኝ ከመለስኩ በኋላ ነው። ዞርኩ። «ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ። ያን ቀን ጠዋት፣ ቁርስ ላይ።» ጓንቷን አወለቀችና ናስትሮውን በጣቷ ነካችው። «ኡልፋር በዊንቹ አትጎትት ብሎኛል አለ። ለወንድሙ ሳይሆን ለፊውዙ የሚሳሳ ሰው ነው ብሎ ሳቀ።»

ወንዙ በሁለታችን መሐል ይሄዳል። ባርዱር ከዳር ሆኖ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከት ነበር።

«አልነካውም» አልኳት። «ናስትሮውን አልፈታውም።»

«አየሁ።»

«አትጎትት ስላልኩት ነው።»

ማዶ ወዳለው ዳር ተመለከተች፤ ባዶ አሸዋና ጠጠር ነው፣ ገመድ የሚታሰርበት ነገር የለም።

«ሊሆን ይችላል» አለች። «የሚያስርበት አጥቶም ሊሆን ይችላል። ጊዜ አጥቶም ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም ኡልፋር። አንተም አታውቅም።»

«እያወቅሽ ሰባት ወር ዝም አልሽ።»

«አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት» አለች። «አንተ ማሽን ስትሠራ ከረምክ።»

የተቆጣች አትመስልም ነበር። የሆነውን ነው የተናገረችው። ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። ፊውዙን ልሰጣት ዘረጋሁ፤ ምን ላደርገው ነው አለች። መልሼ ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁትና ክዳኑን ገጠምኩ። አራቱንም ብሎን አጠበቅሁ። ለምን እንዳጠበቅኋቸው አላውቅም፤ ብሎን ከፈታሁ አጠብቃለሁ።

ባርዱር ከዳር ጠራን። ዘይቱ እየጋለ ነው፣ እንጎትታለን ወይስ እናድራለን አለ። ኦድኒ እየመጣሁ ነው አለችው። ጥቂት ራመድ ብላ ቆመችና፣ ሳትዞር፣ በመስከረም ስንቅ የሚጭነው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተራው አሁንም የቤታችን ነበር፤ ባለፈው መስከረም ምድጃውን እኛ አላነደድነውምና አልተቆጠረልንም።

እኔ እጭናለሁ አልኳት።

«ብቻህን አትሻገርም» አለች። «ምድጃው ይቀዝቅዝ።»

ባርዱር ይህን የሰማ ይመስለኛል። ከዘንጉ አጠገብ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላትና ጆንያውን በረዶ ሊሞላ ሄደ።

ኦድኒ ዘንጉን ገፋች፤ ገመዱ ተወጠረ። እኔ በመኪናው ጎን፣ የጎን መስታወቱን በእጄ ይዤ፣ ላም እንደሚነዳ ሰው አብሬው ሄድኩ። መያዜ ለጉተታው የሚጠቅመው ነገር አልነበረም። ሃያ ሜትር፣ በደቂቃ አንድ ሜትር። ከሄርጊልስ ጀልባ የመጣው ሞተር ሳይጮህ ይዞራል። ግማሽ መንገድ ላይ ግራ እግሬ እንደ ረጠበ አወቅሁ። ሱሪው ተቀዶ ኖሯል፤ ስቆፍር ይሆናል የተቀደደው፣ ጠዋት። ውኃው እስከ ጉልበቴ ሞልቶ ነበር። እግሬ በጣም ቀዝቅዞ ነበር፤ ያምም ነበር። መስታወቱን ሳልለቅ እስከ ዳር ሄድኩ።